አርባ አንድ ስግደት

ግራ እግሬን ልምሻ የመታኝ በአራት ዓመቴ፣ መካነ ብርሃን ሳለሁ ነው። ማንም አላዘነልኝም፤ እኔም አላሳዘንሁም። በአንድ እግርና በአንድ ምርኩዝ እንስራ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ሁለት እግር ያላቸው ሴቶች ከኋላዬ ያለከልኩ ነበር። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ግን ደኅናው ቀኝ እግሬ ከዳኝ። ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል። የወንድሜ ልጅ እስከዳር ጎንደር አምጥታ እሷ ዘንድ አስቀመጠችኝና ሆስፒታል ወሰደችኝ።

እግር የምታየዋ ልጅ ዳሰሰችኝና፣ «እማማ፣ ይኸ እግርዎ ስድሳ ዓመት የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሠርቶ ደክሟል። ልምሻ ከዘመን በኋላ እንዲህ ያደርጋል። ከእንግዲህ አያድክሙት፤ ይረፉ» አለች።

«ስንፍና በሐኪም ይታዘዛል?» አልኋት።

ተራ ከሚጠብቁት አንዲቱ ሳቀችብኝ። ለተ ማርያም ትባላለች፣ የኮላ ድባ ሰው ናት፤ እሷንም በልጅነቷ ልምሻ መቷት ከጭኗ እስከ ጫማዋ ብረት አስራለች። «ሐሙስ ሐሙስ እዚህ እንሰበሰባለን፤ ሁላችንም እንዳንቺው ነን። ነይ» አለችኝ።

«የአንካሳ ማኅበር አያሻኝም።»

«ምነው፣ ያንቺ አንካሳ ከንጉሥ ዘር ነው?» አለችና ስልኬን ከእጄ ቀምታ ቁጥሯን አስገባችበት። «ሁለትን ተጭነሽ ያዢው፣ ይደውላል።»

እኔ ግን ድካሙን ያመጣው ኃጢአት ነው አልሁ። የንስሐ አባቴ መምሬ ሐዲስ ለሁዳዴ በየቀኑ ዐሥራ ሁለት ስግደት ሰጡኝ፤ ያውም «ካቃተሽ ተቀምጠሽ ጸልዪ» ብለው። ዐሥራ ሁለት የሕፃን ነው። በራሴ ሥልጣን አርባ አንድ አደረግሁት። እስከዳር ሥራ ስትሄድ በሩን እየቀረቀርሁ እሰግድ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሃያ ስድስተኛው ስግደት ላይ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ልነሳ ስል ጉልበቴ የለም። በጎኔ ተደፋሁ።

የግቢው ባለቤት አያ ላቀው አንኳኩ። «አዛለች፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ?»

«እየሰገድሁ ነው!» አልሁ፣ ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ።

«በርቺ! እኛንም አስቢን» ብለው ሄዱ። ወዲያው ለግቢው ሰው፣ «እንዳትረብሿት፣ ጸሎት ላይ ናት» ሲሉ ሰማሁ። ምን አፌን ከፈተው!

ሽንቴ መጣ። ያዝሁት፤ በኋላ አልያዝ አለኝ። እስከዳር የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ብጮኽ ይሰሙኛል፤ ግን በሩ ይሰበራል፣ ግቢው ሁሉ ገብቶ እንዲህ ሆኜ ያየኛል። ይህን ሳስብ እኩለ ቀን ሆነ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ።

በምርኩዜ የአልጋውን ልብስ ጎተትሁ። ከላዩ ስልኬ ወደቀ። ሁለትን ተጫንሁ።

«ለተ ማርያም፣ ወድቄያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

«ግቢው ውስጥ ሰው የለም?»

«አለ።»

«እኔም አማቴ እንዳታየኝ ብዬ ሽንት ቤት ወድቄ እስከ ማታ ተጋድሜ አውቃለሁ» አለች። «በረደኝ እንጂ አልከበርሁም። ጥሪያቸው። ስልኩን አልዘጋም።»

«አያ ላቀው!»

«ጸሎቱ አለቀ?»

«የምን ጸሎት! ወድቄያለሁ! በሩን ስበሩት!»

መቀርቀሪያው ተነቀለ፣ ግቢው ሁሉ ገባ። አያ ላቀው ብብቴን ይዘው ሊጎትቱኝ ሲያጎነብሱ ለተ ማርያም ከስልኩ ውስጥ ጮኸች፦ «እንዳይጎትቷት! በርጩማ ያምጡላት፣ በክንዷ ትደገፍ፣ እርስዎ ከኋላ ይያዟት!»

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ ደንግጠው።

«ባልንጀራዬ ናት» አልሁ።

እንዳለችው አድርገው አስቀመጡኝ። ቀሚሴ ይንጠባጠባል። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፣ መልስ አላጣም። ሴቶቹ ውሃ አሙቀው እንደ ሕፃን ሲያጥቡኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቻልሁት።

በማግስቱ መምሬ ሐዲስ መጡ። አልተቆጡም። የቀረውን ሁዳዴ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የሚያነሳኝ ሰው ሲመጣ እሺ እያልሁ እንድጾም አዘዙኝ።

አርባ አንዱ ይቀል ነበር።