የማን ኑዛዜ ማን ጋ ነው

ኂሩት የአቶ ንዋይን ግራጫ ኮት ኪሶች ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጠች። አንድ የአውቶቡስ ትኬት፣ ቁራጭ ጠመኔና ሁለት አዝራር አገኘች። በግራ በኩል የደረቱ ገበር ጠንከር ይላል። ልብስ ሰፊ ለራሱ ሲሰፋ እንዲህ ያጠነክራል ብላ አሰበችና ኮቱን መልሳ ሰቀለችው።

"የለም?" አለች አልታየሽ ከስፌት መኪናው ኋላ።

"የለም።"

አቶ ንዋይ ካረፉ ሠላሳ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። አልታየሽ ለንደን ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ባለችው በዚህች ጠባብ ሱቅ ስድስት ዓመት አብራቸው ሰፍታለች። ሱቋ ከነመኪናዎቹና ከነኪራይ ውሏ ለእሷ እንድትሆን ኑዛዜ ጽፈው ማስቀመጣቸውን በሕይወት ሳሉ ነግረዋታል። በዚህ አገር ዘመድ የላቸውም። የቤቱ ባለቤት ግን ደብዳቤ ልኳል፤ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ወራሽ የሚያሳይ ወረቀት ካልመጣለት በሩን ይቆልፋል፣ ዕቃውን ያስወጣል።

"የት እንዳስቀመጡት ለምን አልጠየቅሻቸውም?"

"ምን ብዬ? 'ጋሼ፣ የሚሞቱ ከሆነ ወረቀቱ የት ነው?' ልበላቸው?"

ኂሩት ሳቋን ዋጠችው። "እንግዲያው ዛሬ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንጠይቅ።"

"አርባቸው ሳይወጣ? ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ውርስ ውርስ አለች እንዲሉኝ? መኪናዎቹ ይወሰዱ እንጂ አልጠይቅም!"

ኂሩት ልትፈርድባት አልቻለችም። ራሷም ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ሻይ እየጠጣች፣ ስለ አየሩ ብርድ እያወራች፣ ያን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ ተመልሳለች። ፓርክ ሮያል ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። መሣሪያው ስለሚጮህ እንድትናገር የሚጠብቅባት የለም፤ ይህም ይስማማታል። ያነጋገረችው ጠበቃ ኑዛዜ ሁሉ በግድ እንዲመዘገብ የሚያዝ ሕግ በዚህ አገር እንደሌለ ነግሯት፣ "ያስቀመጠውን ሰው ፈልጉ" ብሎ ሸኝቷታል። በዚያው ቀን ማታ ለኢትዮጵያውያኑ ማኅበር የምታቀርበውን ሐሳብ ጻፈች። በማግስቱ ጀርባው ሰማያዊ የሆነ መዝገብና የሚቆለፍ ትንሽ ሣጥን ገዛች።

ከሰዓት በኋላ ሰቨን ሲስተርስ አጠገብ ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሸዋረጋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሦስተኛው አጀንዳ የኂሩት ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢው ልጄ፤ ብስኩት አይደለንም፣ አንሰበርም።"

ኂሩት ከወረቀቷ ቀና ሳትል አነበበች። ኑዛዜ ያለው አባል ስሙና ኑዛዜው በማን እጅ እንዳለ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። በኑዛዜው ውስጥ ያለው ቃል አይጻፍ። "አገራችን ብንሆን መንግሥት ሊያቋቁመው የሚገባ ነገር ነው" ብላ ሳትጨርስ አቶ መርዕድ ተነሡ። እኒህ ሰው አዲስ አበባ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከአንድ ወር ወዲህ ካፖርታቸውን አዳራሽ ውስጥ እንኳ አያወልቁም።

"የትኛው መንግሥት?" አሉ። "መዝገብ ምን እንደሚሠራ እኔን ጠይቁኝ። አንድ ጠዋት መሣሪያ የያዙ ልጆች መጡና መዝገቤን ከፈቱ። ማን ምን እንዳለው፣ የማን ልጅ የት እንደሚኖር ያነበቡት ከገዛ እጅ ጽሑፌ ነው። ኤምባሲው የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ካከበረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ይኼ ደብተር እጃቸው ቢገባስ? እኔ ስሜን አልሰጥም!"

"እውነታቸውን ነው!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "እኔ ለጎረቤቴ እንኳ ስሜን የነገርኩት በአራተኛ ዓመቱ ነው።"

አዳራሹ ሳቀ፤ ቀጥሎም አጨበጨበ። ሌላ ቀን ቢሆን ኂሩት ትቀመጥ ነበር። በሩ አጠገብ አልታየሽን አየቻት፤ የሻርፗን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ኂሩት ወረቀቷን አጠፈችው።

"ጋሼ መርዕድ ልክ ናቸው" አለች። "አባቴም የተወሰደው ስሙ ከመዝገብ ተለቅሞ ነው። ግን አቶ ንዋይ ኑዛዜ ነበራቸው። ማን ጋ ነው ያለው?"



"ኧረ አርባቸው ገና ነው!" አለች አንዲት ሴት። "ነውር አይደለም እንዴ?"

"ነውር ነው። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ግን ሱቃቸው ይቆለፋል፣ መኪናዎቻቸው ይወጣሉ። አልታየሽ አፍራ አልጠየቀችም። እኔም አፍሬ ነበር፤ አሁን ግን ጠየቅሁ።"

አቶ መርዕድ ሊቀመጡ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

"የቱ ሰኞ?"

"ከነገ ወዲያ።"

"አርባው እኮ የፊታችን ቅዳሜ ነው! በሕጋችን ኑዛዜ የሚከፈተው በአርባኛው ቀን ነው። የቤቱ ባለቤት አርባ ቀን እንኳ አይታገሥም?"

"ስለ አርባ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ጋሼ።"

አቶ መርዕድ ቀና አሉ። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትተው አወለቁት።

"አልታየሽ፣ መቀስ ይዘሻል?"

"መቼ ተለይቶኝ ያውቃል!"

ካፖርቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ገበሩን ገለበጠች። እጇ ቆመ።

"የጋሼ ስፌት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ክሩን በእጥፍ ነው የሚያስገቡት።"

ክሩን አንድ በአንድ በጠሰች። ከውስጥ የታሸገ ፖስታ ወጣ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከፍተው ጮክ ብለው አነበቡ፦ ሱቁ፣ ሦስቱ መኪናዎችና የኪራዩ ውል ለአልታየሽ። አስፈጻሚው መርዕድ። ከግርጌው ሁለት እንግሊዛውያን ጎረቤቶች በምስክርነት ፈርመዋል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፉ እልልታቸውን አቀለጡት፤ አዳራሹ ተከተላቸው። "ነውር" ያለችው ሴት ቀድማ ሄዳ አልታየሽን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ጩኸቱ ሲበርድ አቶ መርዕድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ነገር ቀርቷል። እኔ የሱን ስይዝ፣ እሱም የኔን ይዞ ነበር። በራሱ ኮት ገበር ውስጥ ሰፍቶታል። በግራጫው።"

ኂሩት ጠዋት በመዳፏ የዳሰሰችው የኮቱ ግራ ደረት ትዝ አላት። "ኮቱም ሰኞ ከዕቃው ጋር ሊወጣ ነበር" አለች።

"አይ አቶ መርዕድ!" አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። "አንድ እንግሊዝ ኑዛዜዎን ለብሶ ለንደንን ሊዞር ነበር!"

አቶ መርዕድ ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እንደ ድሮው መዝገብ ቤት ኃላፊ ጣታቸውን አነሡ።

"እሺ። ግን መዝገቡ ቅጂ አይኑረው። አድራሻ አይጻፍበት። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱን አንቺ ያዢ፣ አንዱን ሰብሳቢያችን ይያዙ። እንዲህ ከሆነ ቁጥር አንድ አድርገሽ እኔን ጻፊኝ።"

ከሦስት ሰዎች በቀር ሁሉም እጁን አወጣ።

ሰው ሲበተን ኂሩት መዝገቡን ከፍታ በማስመሪያ አሰመረች። አቶ መርዕድ በሸሚዛቸው አጠገቧ ቆመዋል። አልታየሽ ባዶውን ገበር መልሳ እየሰፋችላቸው ነው፤ ክሩንም በእጥፍ አስገብታለች።

"በማን እጅ ልበል፣ ጋሼ?"

"ዛሬ ማታ ከግራጫው ኮት ፈትታ ታወጣዋለች" አሉ በአገጫቸው ወደ አልታየሽ እየጠቆሙ። "እሷው ጋ ይሁን።"

ኂሩት "፩. መርዕድ፤ በአልታየሽ እጅ" ብላ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። መዝገቡን ዘግታ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠችና ቆለፈችው።