የባባ ኢዮርኪያ ጆሮ

ተዋጊ ጀት ላይ ቦንብ የሚሰቅል ሰው ጆሮው ቢደነቁር ቶሎ የሚያውቅበት የለም። ሥራው ራሱ ይሸሽግለታል። ሞተሩ ሲያጓራ አጠገብህ የቆመው ሰው ቢጮህም አይሰማህም፤ ሁሉም የጆሮ መከላከያውን ደፍቶ በጣቱ ነው የሚነጋገረው። ወደ ላይ የዞረ መዳፍ አንሳ ማለት ነው፣ አውራ ጣት ጨርሻለሁ፣ ጡጫ ደግሞ ቁም። ጡጫ ያየ ሰው እጁን ካለበት ያነሳል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሰው ሁሉ ባባ የሚላቸው ሻለቃ ባሻ ኢዮርኪያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ቋንቋ ሲነጋገሩ ኖረው፣ ያኛው የአፍ ቋንቋ መቼ ጥሏቸው እንደሄደ እሳቸውም በትክክል አያውቁም።

መጀመሪያ የነቁባቸው የገዛ ቡድናቸው ሰዎች ናቸው። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። አለቃው እሳቸው፣ ሁለተኛዋ ሃምሳ አለቃ ሴምበር፣ ሦስተኛው የቦንብ ማንሻዋን መኪና የሚነዳው አስር አለቃ ባላራቤ። ባላራቤ ከመንዳት የተረፈውን ጊዜ ሰው በመልከፍ ነው የሚጨርሰው። አንድ ቀን ሞተር ሁሉ ጠፍቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር ምሳ ሲጠብቁ፣ ከባባ ጀርባ ቆሞ ሚስትዎ ቀቅላ የወቀጠችውን ቦዬ ዛሬ ለጎረቤት ሰጥታዋለች አለ። የቲቭ ብሔረሰብ ሰው በቦዬው ሲቀልዱበት አይወድም፤ ባባ ደግሞ ከሁሉም የባሱ ናቸው። ግን አልዞሩም። ባላራቤ ለጎረቤት ውሻም ደርሶታል ብሎ ጨመረበት። ባባ ማኮብኮቢያውን ማየታቸውን ቀጠሉ። ሴምበርና ባላራቤ ተያዩ። ምሳው ሲመጣም ሁለቱ እንደ ወትሯቸው አልበሉም።

ሴምበር ለኚህ ሰው ያላት ፍቅር እንዲሁ የመጣ አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት ከትምህርት ቤት ተመርቃ ስትመጣ የሚቀበላት ቡድን ጠፍቶ ነበር። አንዱ አለቃ ሴት ልጅ ከቦንብ ሥር ምን ትሠራለች አለ፤ ሌላው ሚስቴ ምን ትለኛለች አለ። ባባ ኢዮርኪያ መዳፎቿን ይዘው አገላብጠው አዩና፣ ጣቶችሽ ረጃጅም ናቸው፣ ከሩቅ ይነበባሉ ብለው ወሰዷት። በቃ፣ ሌላ ጥያቄ አልጠየቋትም። ቦንቡ መስቀያው ላይ ሲቀመጥ መንጠቆው መያዙን በዓይን ብቻ ሳይሆን በአውራ ጣት ዳስሶ ማረጋገጥን አስተማሯት። ጀቱ ሊነሳ ሲል ቀይ ጥብጣብ ያላቸውን የደህንነት ፒኖች ነቅሎ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ አብራሪው ቆጥሮ ራሱን እስኪነቀንቅ ድረስ ከፊቱ አለመሄድን አስተማሯት። ያመጧት እሳቸው ናቸውና ስትሳሳት የሚያፍሩት ከእሷ ይልቅ እሳቸው ነበሩ።

አንድ ያልተለመደ ጠባይም ነበራቸው። የጫኑለትን ሳይጥል ይዞ የተመለሰ ጀት ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ከክንፉ ሥር ገብተው ሆዱን መታ መታ እያደረጉ እንኳን ደህና ገባህ ይሉታል። ባላራቤ ታዲያ መልሰን የምናወርደው እኛው ነን እያለ ያጉረመርማል። ሌሎቹ የትጥቅ ሠራተኞች ይሄን ነገር እንደ እብደት ነበር የሚያዩት። ሴምበር ግን ትወደው ነበር።

ያኔ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት እንኳ አልቀራቸውም ነበር። በዚያ ዓመት በተጀመረው ምርመራ ጆሮው የወደቀ ሰው ደግሞ ከጀት ሥር ይነሳና ጫማ መጋዘን ይመደባል፤ ለምልምሎች ቁጥር አርባ ሁለት፣ ቁጥር አርባ ሦስት እያለ ሲያድል ይውላል። ባባ በዚያ መጋዘን በር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ስለዚህ ሴምበርና ባላራቤ ተመካክረው ከባባ ጋር ተስማሙ። በካምፑ ክሊኒክ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ያለው የጆሮ መመርመሪያው ክፍል ብቻ ስለሆነ ተራ ጠባቂው ሁሉ እዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ተመርማሪው መስታወት ያለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ድምፅ ሲሰማ የሚጫናትን ቁልፍ ይይዛል፤ ዶክተሯ ጀርባዋን ለአግዳሚው ሰጥታ ከመሣሪያዋ ድምፅ ትልካለች፤ ድምፅ በላከች ቁጥር መሣሪያው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው መብራቷንም ያያል፣ ባባንም ያያል። መብራቷ ስትበራ ሴምበር አንድ ጣቷን ከጉልበቷ ላይ ታነሳለች፣ ባባ ቁልፏን ይጫናሉ።

ሁለት ዓመት በዚህ አለፉ። እንዲያውም አምና ውጤቱ ከካቻምናው በልጦ ዶክተር ፎላሻዴ ተገርማ ነበር። ጆሮዎ ወደ ልጅነት እየተመለሰ ነው አለቻቸው። ባባ አልሰሟትም፤ ግን ፈገግ ስትል አይተው ፈገግ አሉ። ባላራቤ ሳምንቱን ሙሉ ይሄን እያወራ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ከረመ፤ ሴምበርም አብራው ሳቀች።

ዘንድሮ፣ ጡረታቸው ስምንት ወር ሲቀረው፣ ምርመራው ሐሙስ ሊሆን፣ ሰኞ ለት አንድ ነገር ሆነ። በልምምድ ላይ ነበሩ፤ ሞተር አይሠራም፣ ቦንቡም ሰማያዊ የተቀባ፣ ሆዱ ሲሚንቶ የሆነ ማለማመጃ ነው። ፈንጂ አይኑረው እንጂ ክብደቱ ያው ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው። ባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብለው መንጠቆውን ይዳስሳሉ። የማንሻዋ የዘይት ቱቦ በድንገት ፈነዳና ክንዷ መውረድ ጀመረ። ባላራቤ ከመሪው ላይ ሆኖ ጮኸ። ሴምበርም ጮኸች። ባባ መንጠቆውን ይዳስሳሉ። ቦንቡ ተንሸራተተ። ሴምበር ዘላ ቀበቷቸውን ይዛ ወደ ኋላ ስትጥላቸው፣ ቦንቡ እግራቸው ከነበረበት ቦታ ላይ ወድቆ የወለሉን ሲሚንቶ ሰነጠቀው።

ባባ ከመሬት ተነስተው አቧራቸውን አራገፉና ሱሪዬን ቀደድሽው ብለው ሳቁ። በሪፖርቱ ላይ መኪናዋ ተወቀሰች። ቱቦዋ ፈንድቷልና እውነትም ጥፋተኛ ነበረች፤ ግን ሁለት ሰው ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኾ አንድ ሰው አለመዞሩን የጻፈ የለም። ባላራቤ ሐሙስ እንደ አምናው ነው አይደል አላት። ሴምበር አዎ አለች። አፏ ነው እንጂ ያለው፣ እጇ ውስጥ ያ ቀበቶ ገና አለ።

ሐሙስ ባባ የተተኮሰ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ወደ ሳጥኑ ሲገቡ ሴምበርን አየት አድርገው ጠቀሷት። ዶክተር ፎላሻዴ መሣሪያዋን ከፈተች። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

የሴምበር እጆች ጉልበቷ ላይ ነበሩ። ጣቷ አልተነሳም።

መብራቷ ጠፍታ እንደገና በራች። ባባ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። የተኛች መስሏቸው ይሆናል፣ መዳፋቸውን ከጉልበታቸው ላይ በቀስታ ወደ ላይ አዞሩላት። አንሺ ማለታቸው ነው። መብራቷ ለሦስተኛ ጊዜ በራች። ሴምበር ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ቀኝ እጇን ከፍ አደረገችና ጨበጠች።

ባባ ኢዮርኪያ ጡጫዋን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቁልፏን ለቀው፣ የጆሮ ማድመጫውን ከራሳቸው ላይ አውልቀው፣ ከሳጥኑ ወጡ። ዶክተሯ ምን ሆኑ ብላ ስትጠይቃቸው ከንፈሯን አንብበው፣ አልሰማም አሏት። ያምናው ውጤትስ ስትል፣ ያምናው በሰው ጆሮ ነው አሉ። የማን እንደሆነ ግን ረሳሁ አሏት። ሴምበርን ሳያዩዋት አልፈው ሄዱ።

መስማት የተሳነው ሰው ሲቆጣ ክፉ ነው። ሌላው ሰው ቢቆጣህ፣ ባይመልስልህም ቢያንስ ትናገራለህ። ባባ ኢዮርኪያ ግን ሴምበር ልታስረዳቸው ከጫማ መጋዘኑ በር ላይ በቆመች ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በጣትም በከንፈርም መግቢያ የለም። ሦስት ጊዜ ሄደች፤ ሦስት ጊዜ ጨፈኑባት። ባላራቤም ባባን ሸጥሽው ብሎ ለሁለት ሳምንት ከማንሻዋ ላይ ሆኖ ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አላናገራትም፤ ያ ሰው ዝም ሲል ደግሞ ካምፑ በሙሉ ይታወቀዋል። የበላይ አዛዦች በቡድኑ ላይ ጊዜያዊ አለቃ አድርገው ሾሟት። ባባ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ቆማ ምልክት ስትሰጥ እጆቿ የተበደረቻቸው እየመሰሏት ትሸማቀቅ ነበር።

ገበያ ውስጥ ያገኘቻት ሚስታቸው ናት ያጽናናቻት፤ ወይም ማጽናናት ከተባለ። ማማ ንጉሜን ብርቱካን እየመረጠች፣ እኔ ሰባት ዓመት ጮኼ ጮኼ ድምፄ አለቀ፣ አንቺ ባታደርጊው አንድ ቀን ሬሳውን ታመጡልኝ ነበር አለቻት። ባባ ሆስፒታል ሄደው የመስሚያ መሣሪያ ተሰጥቷቸዋል፤ ግን ከነሣጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ጥለውታል። ሽማግሌ አይደለሁም ይላል፣ ከአንቺም ጋር አልታረቅም ይላል፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቺ ልጅ መንጠቆውን በአውራ ጣቷ ዳስሳ ይሆን እያለ ይጠይቀኛል አለች። ሴምበር ብርቱካኑን ይዛ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ምሳ ሄዶ ሜዳው ጭር ብሏል። ሴምበር ብቻዋን ከአንድ ጀት ክንፍ ሥር ሆና መስቀያዎቹን ታያለች። ቀና ስትል ባባ ኢዮርኪያ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ተገልጧል። ከግራ ጆሯቸው ጀርባ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ተለጥፋለች፤ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ሊሸፍኗት ቢሞክሩም አልተሸፈነችም።

«እስቲ ተናገሪ» አሏት።

ሴምበር ሰባት ሳምንት ሙሉ ስታዘጋጀው የከረመች ንግግር ነበራት። መጀመሪያው ይቅርታ ነበር፣ መካከሉ ስለዚያ ሰኞ፣ መጨረሻው ስለ ስድስቱ ዓመት። ሁሉም ካፏ ላይ ጠፋባት።

«ባባ፣ እንዲሞቱብኝ አልፈለግኩም» አለች።

ባባ ኢዮርኪያ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ያለችውን የሰሙ አይመስሉም፤ ሌላ ነገር ነው የሚያዳምጡት። ዓይናቸው ከከንፈሯ ላይ ተነስቶ ወደ መሬት ወረደ። እንደዚያ ሆነው ሰው ሲያዳምጡ አይታቸው አታውቅም።

«ድገሚው።»

«እንዲሞቱብኝ አልፈለግኩም አልኩ። እርስዎ ከሌሉ እኔ ማን አለኝ እዚህ?»

ባባ በጣታቸው ያቺን ከጆሯቸው ጀርባ ያለችውን ነገር ነካ አደረጓት፣ እንዳትወድቅ የፈሩ ይመስል።

«ድምፅሽ ቀጭን ነው ለካ» አሏት ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ ወፍራም አድርጌ ነበር የምሰማሽ። እንደነዚህ ጣቶችሽ ከሩቅ የሚደርስ ድምፅ ነበር የሰጠሁሽ።»

ሴምበር አፏን በመዳፏ ያዘች። ወደዚህ ሜዳ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሲያሾፉባትም ሲያመሰግኗትም፣ አባቷ የሞተ ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብለው ሲያጽናኗትም፣ አንድም ቀን ሰምተዋት አያውቁም ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ያወሯት ከፊቷና ከእጇ እያነበቡ ነበር።

ባባ ኢዮርኪያ የዕቃ ሳጥኑን በእግራቸው ሳብ አድርገው ጥላው ውስጥ ተቀመጡ። እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺው በሚል እጃቸውን ወዘወዙላት።

«በይ ቀጥይ» አሉ። «ምንም ይሁን። ዝም ብለሽ አውሪኝ።»

ሴምበር ሌላ የምትለው ስላጣች፣ ከጠዋት ጀምሮ ቡድኑ የሠራውን ሥራ አንድ በአንድ ትነግራቸው ጀመር።