ድማሚት ከምላስ ሥር

ሚንቾ እውነትን እንደ ጨው ነበር የሚጠቀምባት፤ ለጣዕም ያህል ቆንጠር አድርጎ። የመንደሩ አዛውንት ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ክኒናቸውን በፌስታል ቋጥረው ይሰበሰባሉ። የተረፈው ለጎደለው ያካፍላል፣ አንዱን ያሻለውን ሌላው ይቀምሰዋል፣ ሚንቾ ደግሞ ያብራራል። ትምህርቱን በልጅነቱ ቢያቋርጥም አንድ ክረምት የክሊኒክ ዘበኛ ሆኖ ሠርቷል፤ ለአግዳሚው ይኼ ከበቂ በላይ ነው።

«ፓራሲታሞል በሽታውን አይገድለውም» ይላል። «ጭንቅላታችሁ ውስጥ ምድጃ የሚቆሰቁስ አንድ ሰውዬ አለ። እሱን ‹በቃ፣ እንጨት አትጨምር!› ይለዋል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል። አስፕሪን ግን ደም ያቀጥናል። የአጎቴ ደም ከመቅጠኑ ብዛት ትንኝ ነክሳው ‹ይኼማ ውሃ ነው› ብላ ተፋችው።»

አዛውንቱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እውነቱ የት ጋ አልቆ ውሸቱ የት ጋ እንደጀመረ የሚጠይቅ የለም።

በዚያ በጋ ኩዝማን አዲስ ክኒን ይዞ መጣ። ኩዝማን ዕድሜውን ሙሉ በተራራው የእርሳስ ማዕድን ውስጥ ድማሚት ሲያፈነዳ የኖረ፣ ሁለት ጣቶቹን እዚያው ትቶ የወጣ ሽማግሌ ነው። ልቡ አስቸግሮት ከተማ ታይቶ ነበር። ፋርማሲስቷ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ሰጥታ፣ «ደረትዎን ጨምድዶ ሲይዝዎ ቁጭ ይበሉና አንዷን ከምላስዎ ሥር ያድርጉ። ከኪስዎ እንዳትለይ፤ ሕይወትዎ እሷ ናት» ብላዋለች። ሚስቱ ራይና ይህን ቃል እንደ ጸሎት ጠዋት ማታ ትደግምለታለች።

«ደረቴንስ ትለቀዋለች» አለ ኩዝማን ጠርሙሱን እያሳየ፤ «ግን ራሴን ትፈልጠዋለች። ልክ እንደ ድሮው፣ ድማሚት ስነካካ ውዬ እንደሚያመኝ።»

«ታዲያ ምን ይገርማል፣ ባይ ኩዝማን!» አለ ሚንቾ፣ እንደ አገራቸው ወግ ታላቁን ‹ባይ› ብሎ። «ድማሚት እኮ ናት! ናይትሮግሊሰሪን ነው ስሟ። አንተ ድንጋዩን የሰነጠቅክባት ራሷ! የጠበበ የደም ሥርህን ታሰፋዋለች፣ ልብህ ይተነፍሳል። የራስህን ሥርም አብራ ስለምታሰፋው ያምሃል።»

እዚህ ድረስ አንድም ውሸት የለበትም። እዚያው ላይ አፉን ቢዘጋ ኖሮ ፋርማሲስቷ ራሷ ግንባሩን በሳመችው። ግን አግዳሚው በሙሉ አፉን ከፍቶ እያየው ነበር፤ የተከፈተ አፍ ደግሞ ሚንቾን እንደ ቁልቁለት ነው የሚገፋው።

«በላይኛው መንደር አንድ ሰው በኪሱ ይዟት ከፈረስ ወደቀ። ፈረሱን ወንዙ ዳር አገኙት፤ ኮርቻውን ግን ከድንበሩ ማዶ ያሉት ግሪኮች ናቸው የመለሱልን!»

ሁሉም ሳቀ። ኩዝማን ብቻ አልሳቀም። ጠርሙሱን ገና ትኩስ እንደሆነ እንቁላል በመዳፉ አቅፎ፣ መሬቱን እያየ ወደ ቤቱ አዘገመ።

የድማሚት ሰው ሕግ አለው። ድማሚት ሰው በሚተኛበት ቤት አያድርም፤ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፤ ላብ አይነካውም። ብቻውን፣ ከቀዝቃዛ ቦታ፣ ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። ይህን ሕግ የጣሱትን ኩዝማን በገዛ እጁ በባልዲ ለቅሟቸዋል።

መስከረም ላይ ሚንቾ ድንች ቁፈራ ሊያግዛቸው ሄደ። ኩዝማን ከመቆፈሪያው ጋር እየታገለ ሳለ ድንገት በጉልበቱ ተንበረከከ። ፊቱ እንደ አመድ ነጣ፤ እጁ ደረቱን ጨመደደ። ራይና ጮኸች። ሚንቾ ሮጦ የሸሚዙን ኪስ በረበረ፤ ባዶ።

«ክኒንህ የታለች?»

«ላይ... ከድንጋዩ ጎጆ» አለ ኩዝማን፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ እየጎተተ። «ቤት ውስጥ እንዳታድር ብዬ ነው። አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?»

«ቀልዴን እኮ ነው፣ ባይ ኩዝማን! እንኳን አንዷ፣ ጠርሙሱ ሙሉ ቢወድቅ ዝንብ አይገድልም! ቀልድ ነው!»

«ራሴን ያመኛል» አለ ሽማግሌው በተቆራረጠ ትንፋሽ። «ራሴ አይቀልድም።»

ሚንቾ ቁልፉን ነጥቆ ዳገቱን በረረ። ጎጆው ከእርሻው ጫፍ፣ ከገደሉ ሥር ነው። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ጓጉንቸሩ ዝጎ እጁን አደማው። ውስጡ እንደ መቃብር ይቀዘቅዛል። መካከል ላይ አሸዋ የሞላ ሣጥን፣ አሸዋው መሐል እስከ አንገቷ የተቀበረች ያቺ ትንሽ ጠርሙስ።

ይዟት ቁልቁል ሮጠ። ከታች ኩዝማን እጁን አነሳ፤ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ «ቁም! ቀስ!» የሚባልበትን ምልክት ነው ያሳየው። ሚንቾ አልቆመም። ድንጋይ አደናቀፈው፣ ተንገዳገደ፣ እንደገና ሮጠ። ያኔ ኩዝማን የቀረችውን ጉልበት ሁሉ አሰባስቦ ራይናን ከድንች ጆንያዎቹ ጀርባ ገፈተራትና በላይዋ ላይ ተደፋባት፤ ፍንዳታውን በጀርባው ሊቀበልላት።

ሚንቾ ሲደርስ ሽማግሌውን ገልብጦ ቀና አደረገው። ጥርሱን ነክሶ ነበር። አፉን በግድ አላቅቆ ክኒኗን ከምላሱ ሥር አስገባት። ምላሱ ደርቋል። ክኒኗ አልሟሟችም፤ ነጭ እንደሆነች እዚያው ቀረች።

«ለምን ገፋኝ?» አለች ራይና አፈሯን ሳታራግፍ። «ሚንቾ፣ ምን አይቶ ነው የገፋኝ?»

ሚንቾ የጠርሙሱን ክዳን መልሶ ገጠመ።

የሞት ማስታወቂያው የኩዝማን ፎቶ ታትሞበት በአጥሩ በር፣ በመብራት ምሰሶውና በአውቶቡስ ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ፣ አግዳሚው ላይ፣ ፌስታሎቹ ከቀብሩ ማግሥት እንደገና ተፈቱ።

«ሚንቾ» አለች አንዷ ባልቴት፣ «ይቺ ቢጫዋ ለምንድን ናት?»

ሚንቾ ክኒኗን መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«አላውቅም» አለ።

አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያም አፋቸውን ከፍተው የቀልዱን ቀሪ ይጠብቁ ጀመር።