የአባቴ ጭምብልና አንዲት ከረሜላ

ወንድሜ ጌብሃርት በሰባ አራት ዓመቱ አስጎብኚ ሆኖልኛል። እሁድና በዓል ሲሆን ከረባቱን አስሮ፣ የድሮው እህል ጎተራ ውስጥ ባለው የቅበላ ሙዚየማችን በር ላይ ይቆምና፣ ከሽቱትጋርት በአውቶቡስ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ጥርሱን ያሳያል። ለእኔ ለእህቱ ግን ቆጥቦት ነው መሰል አሳይቶኝ አያውቅም። ሰብአ ሰገል በሚታሰቡበት በሦስቱ ነገሥታት ዕለት ልጄን አፍራን ይዤ ስሄድ እንኳ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ቲኬት ቆርጠሻል?" አለኝ።

"ቆርጫለሁ ጌታው! የገዛ አባቴን ለማየት ከፍዬ ገብቻለሁ።"

"አባታችን መቃብር ነው ያለው። እዚህ ያለው እንጨት ነው።"

"እንጨት ከሆነ ታዲያ ምን አስቆለፈህ?"

አፍራ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ። "እማዬ፣ በናትሽ! ዛሬ እንኳ አትጀምሪ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ከተማ በቫልደንብሩን በቅበላ፣ ከጾሙ በፊት ባሉት ቀናት፣ የእንጨት ጭምብል አድርጎ መሮጥ ወግ ነው፤ አዲስ ጭምብል ግን አይጠረብም። ያሉት ያያቶቻችን ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳሉ። ጭምብል የሌለው ቤት በቅበላ ሰሞን ሌላው ቃጭሉን ታጥቆ ሲሮጥ ዳር ቆሞ ያያል። ሴት ደግሞ ጭምብል ያለው ቤት ብትወለድም ዕጣዋ ልብሱን ማጠብና ቃጭሉን መወልወል ነበር። እኔ ኖትቡርጋ የአባቴን የፍሪዶሊንን ቃጭሎች ስወለውል ነው ያረጀሁት። አንድም ቀን ታጥቄያቸው አላውቅም።

ባለፈው መጸው ግን የጭምብል ሯጮቹ ማኅበር ተሰብስቦ፣ ሲጯጯህ አምሽቶ፣ "ሴቶችም ይሩጡ" ብሎ ወሰነ። አፍራ የዚያን ዕለት አርባ ዓመቷን ረስታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ከአያቷ ጭን ላይ ሆና ያንን የእንጨት ጉንጭ ስትደባብስ ያደገች ልጅ ናት። ከዚህ ሌላ ሲያምራት አይቼ አላውቅም፤ ባሏን ስታገባ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ጭምብሉ ግን ሙዚየም ገብቷል። ጌብሃርት ጉልበቱ ደከመ፤ ልጁ ቲሎም ሃምቡርግ ሄዶ "የሸተተ እንጨት ፊቴ ላይ አላደርግም" አለው። ያኔ ለእኛ ትንፍሽ ሳይል ወስዶ ሰጣቸው። የማኅበሩ አለቃ ኮርቢኒያን ለአፍራ ቁርጡን ነግሯታል። ጌብሃርት በአፉ "ይውጣ" ካለ ይወጣል፣ ካላለ አይወጣም፤ ያውም ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ የማታ ደወል ሳይደወል። በሦስቱ ነገሥታት ዕለት ጭምብሎች ሁሉ ከየሣጥናቸው ወጥተው አቧራቸው ይራገፋል። የዚያን ቀን ያልተራገፈ ጭምብል ዘንድሮ አይሮጥም።

ስለዚህ ልለምነው ነበር የሄድኩት። አዎ፣ እኔ፣ ልለምነው! ጉብኝቱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ዝቅ ብዬ፣ "ወንድሜ" ብዬ። አፍራ ደግሞ የአያቷን ለስላሳ ብሩሽ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነበር። "ምን አስቸኮለሽ? እስቲ መጀመሪያ ይፍቀድ" ብላት ፈገግ ብላ ቦርሳዋን ዘጋች።

ጉብኝቱ ተጀመረ። ጌብሃርት ቀበሮና ጥንቸል የተሳሉባቸውን ነጭ የበፍታ ልብሶች አሳየ፤ ከገለባ የተሠራውን ድብ አሳየ። ቀጥሎ ጎብኚ ፊቱ ላይ አጥልቆ ፎቶ የሚነሣበት የላስቲክ ጭምብል የተሰቀለበት ግድግዳ ጋ ቆመና ስለ ልማዳችን ያወራ ጀመር።

"በቅበላ ሰሞን ጭምብል ያደረገ ሰው ድምፁን አቅጥኖ ለማንም እውነቱን ይናገራል። ከንቲባም ሆነ ቄስ 'አንተ' ነው የሚባለው። የሚነገረው ሰው እጁን አውርዶ ይሰማል እንጂ አይመልስም። በመጨረሻ ተናጋሪው ከረሜላ ይሰጠዋል። ሰሚው ከበላው የተባለውም የተጠየቀውም ሁሉ አበቃ፤ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን አያነሡትም።"

"ካልሰጠውስ?" አለች አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ጎብኚ።

"ካልሰጠው ወይም ካልበላው ጠቡ ይቀጥላል። ዳቦ ጋጋሪያችንን አንድ ጊዜ 'ዳቦህ በየዓመቱ ያንሳል' አሉት። ሰማ፣ ከረሜላውን በላ፣ አበቃ። ዳቦው ዛሬም እያነሰ ነው፤ ማን ይናገራል?"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ዳቦው የእውነት ያንሳል።

ከዚያ የአባቴ ጭምብል ያለበት የመስታወት ሣጥን ጋ ደረስን። እዚያ ውስጥ ነው፤ ያው ፈገግታው፣ ያቺው ጉንጩ ላይ ያለች ጭረት። የሚያውቀኝ መሰለኝ።

"ይህቺ ጭረት አባቴ በረዶ ላይ ሲወድቅ የተጫረች ናት" አለ ጌብሃርት። ምን በረዶ አለና! ሰክሮ ከመጠጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ነው የተንከባለለው። እሱንም አሳለፍኩለት።

"ከአባቴ በኋላ እኔ ሮጥኩበት። ከእኔ በኋላ ግን ጭምብሉ ወራሽ አጣ። ከቤታችን የሚያደርገው ሰው ጠፋ። ስለዚህ..." አለና እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቁልፍ ያንቀጫቅጭ ጀመር። ቁልፍ ያዥ መሆኑን ሊያሳየን ነው፣ አልኩ በልቤ።

ወራሽ አጣ! ልጄ ፊት ለፊቱ ቆማ! ደሜ ፈላ። ልመናውንም፣ "ወንድሜ" ማለቱንም እዚያው ረሳሁት። ወደ ግድግዳው ተመልሼ የላስቲኩን ጭምብል አወረድኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴ ላይ አጠለቅኩት።

"ጌብሃርት! አንተ ጌብሃርት!" አልኩ እንደ ጫጩት በቀጠነ ድምፅ። "ወራሽ የለም አልክ? አባትህን በአልጋው ላይ ያጠበው ማን ነው? ያጎረሰውስ? አንተ በዓመት አንዴ ለጭምብሉ ስትል ብቅ ትል ነበር። 'ጌብሃርት መጣ ወይ?' ሲል 'ጉንፋን ይዞት ነው' እያልኩ የዋሸሁልህ እኔ ነኝ! ወራሽማ ነበረህ። ቲሎህ እንጨትህ ሸተተኝ ብሎ ጥሎህ ሄደ እንጂ! ገና ለገና ያንተ ልጅ ናቀው ተብሎ የእኔ ልጅ ትከልከል? ይቻት ወራሽህ፣ አፍንጫህ ሥር! ለአፍራ ስጣት፣ አንተ ስስታም!"

የቲሎን ስም ስጠራ ፊቱ አመድ መሰለ። የቁልፉም ድምፅ ቆመ። እንደ ወጉ እጁን አውርዶ፣ ሳይመልስ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እውነት ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የስንት ዘመን ነገር ነው!

ጎብኚዎቹ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ባለ ቀይ ኮፍያዋማ በስልኳ ትቀርጸኛለች።

ጌብሃርት መዳፉን ዘረጋ። "ከረሜላዬስ?" አለ በቀስታ።

ለጉሮሮዬ የምይዛት አንዲት የሚንት ከረሜላ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እኛ አገር የተዘረጋ መዳፍ ላይ ከረሜላ ይቀመጣል፤ ከሕፃንነታችን ያየነው ይህንኑ ነው። "እማዬ፣ ተዪ!" ስትል አፍራን ሰምቻታለሁ፤ ግን እጄ ቀድሟት ነበር። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ላጠ፣ አፉ ውስጥ ከተታት፣ ቀረጨማት።

ጭምብሉን አወለቅኩ። "በል አሁን እንደ ሰው እንነጋገር። ለአፍራ ስጣት።"

"ምኑን?"

"ምኑን ትለኛለህ እንዴ! ጭምብሉን ነዋ!"

"እሱ ተበልቷል፣ ኖትቡርጋ።"

ኮርቢኒያን ጩኸቱን ሰምቶ ከቲኬት ጠረጴዛው ተነሥቶ በሩ ላይ ቆሟል። "ኮርቢኒያን፣ ንገረው እንጂ! ይሄ እኮ የላስቲክ መጫወቻ ነው!" አልኩት።

ኮርቢኒያን ጫማውን አየ። "ጭምብል ጭምብል ነው። ወጉን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አሁን እሱም ልስጥ ቢል ነውር ነው፤ እኔም አልቀበለው።"

ጌብሃርት ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አፍራን ግን ለአፍታ አያት። ከዚያ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና "በዚህ በኩል" ብሎ እንግዶቹን ወደሚቀጥለው ክፍል ይዟቸው ሄደ።

ውጭ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ከየቤቱ ጭምብል የሚያራግፉ ሰዎች ሳቅ ይሰማል። አፍራ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ብሩሹን ከቦርሳዋ አወጣችና ጸጉሩን በጣቷ ታፍተለትል ጀመር።

"አይዞሽ ልጄ። ቢያንስ ልክ ልኩን ነግሬልሻለሁ" አልኳት።

"አጎቴ ትናንት ደውሎልኝ ነበር" አለች ቀና ሳትል።

"ጌብሃርት? ደግሞ ምን ፈልጎ?"

"'ጭምብሉን ልሰጥሽ ነው። የአባባን ብሩሽ ይዘሽ ነይ። ሰው ሁሉ እያየ መስታወቱን ከፍቼ እሰጥሻለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ እዚያው ትይ' አለኝ። ያ ቁልፍ የመስታወት ሣጥኑ ነበር፣ እማዬ።"

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "ስለዚህ" ብሎ ነበር። ማን አስጨረሰው! ይህ ሽማግሌ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ነፍጎኝ ኖሮ፣ ደግ መሆን ሲያምረው በምስጢር ይሆናል? ተናደድኩ፤ በእሱም ተናደድኩ፣ በምላሴም ተናደድኩ። የማታው ደወል መደወል ጀመረ።

"ታዲያ ከረሜላውን ለምን በላው?" ብዬ ጮህኩ። "እምቢ ማለት አይችልም ነበር?"

አፍራ ብሩሹን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ተነሣች።

"አንቺስ ለምን ሰጠሽው?" አለችኝ።