ለፊት አንድ፣ ለኋላ ሁለት

አለቃችን ኮቱን ራሳቸው ለብሰው መስታወት ፊት ሲቆሙ፣ ሁለቱም እጅጌዎች ወደ ኋላ ዞረው ቁጭ አሉ። ደንበኛው ደግሞ ነገ ጠዋት ሊወስደው ነው። የስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቀና አለ።

ኮቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሰፋው ፉገራ የምንለው ጎልማሳ ነው። መርፌ መያዝ ያስተማርኩት እኔ ስሆን፣ ካልቀለደ ምሳ አይወርድለትም።

«ጋሼ፣ ሰውየው የሚሄደው ወደ ኋላ ነው እንዴ?» አለ።

ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ከልቤ። ሳቁ ጣፈጠውና ጨመረበት። «እትዬ እኮ ጨርቅ የሚቆርጡት በዓይን አይደለም፣ በግምት ነው! ጣታቸውን እጅጌ መስሏቸው ሳይቆርጡት መቀሱን ደብቁባቸው።»

አሁንም ተሳቀ። አለቃችን ግን አልሳቁም። መነጽሬን አዩ፣ ቀጥለው መቀሴን አዩ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ካነሱኝ ቁልፍ ስተክል መዋሌ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበት ቦታ በአንድ ቀልድ ሊሄድብኝ!

ደሜ ፈላ፣ አልዋሽም። ምላሴ ከመቀሴ አያንስም፤ ብፈልግ እዚያው ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

«የመጀመሪያዋ ቀልድ ጥሩ ናት፣ አስቃኛለች» አልኩት። «ሁለተኛዋ ግን አመመችኝ። ዓይኔ መተዳደሪያዬ ነው። በእጅጌው እንዳሻህ ቀልድ፣ ዓይኔን ግን ተውልኝ።»

ክው አለ። «ለጨዋታ ነው እኮ እትዬ...»

«አውቃለሁ። ክፋት እንደሌለህ ባላውቅ መች እነግርህ ነበር? በል ወንበርህን ሳብና አብረን እንፍታው።»

እጅጌ ስቆርጥ ጠርዙን ለምልክት በመቀስ ጫፍ ትንሽ ሰንጠቅ አደርገዋለሁ፤ ለፊት አንድ፣ ለኋላ ሁለት። ኮቱም ላይ እንደዚያው። የሚሰፋው ሰው አንዱን ከአንድ፣ ሁለቱን ከሁለት ያጋጥማል። ክሩ ሲፈታ ቀድሞ ያየው ፉገራ ነው። ምልክቴ ልክ በቦታው አለ። የኮቱ አንድ ግን ከእጅጌው ሁለት ጋር ተሰፍቷል። የግራውን እጅጌ ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ገጥሞታል።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ክሬን መምዘዜን ቀጠልኩ።

አለቃችን መጥተው ከበላያችን ቆሙ። «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ማን ይቁረጥ?»

ፉገራ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ የእትዬ ምልክት ልክ ነው። ያዟዟርኩት እኔ ነኝ።» መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ በመያዣው በኩል አዙሮ አቀበለኝ። «እሳቸው ይቁረጡ። እኔ እስከ ሁለት መቁጠር ልማር።»

ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አለቃችንም በዚህኛው ሳቁ።