የኦክ ሆሎው አፈር

የሰፈራችን ብቸኛ ሱፐርማርኬት በተዘጋ በዓመቱ፣ ሚስ ዊላ ሜ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ማስተባበር ጀመሩ። ትኩስ አትክልት የሚፈልግ ከኦክ ሆሎው ወጥቶ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር ነበረበት። ሚስ ዊላ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያበሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸውን በስኳር በሽታ ያጡ ሴት ናቸው።

«ሐኪሙ አትክልት ብላ እያለው፣ አሞስ ነዳጅ ማደያ የሚሸጥ ቺፕስ እየበላ ሞተ» ይሉ ነበር። «ሁለተኛ ሰው እንደዚያ አልቀብርም።»

ከቤታቸው ፊት ለፊት የተቃጠሉ ቤቶች ፈርሰው የቀሩበት ባዶ ቦታ ነበር። እሳቸው ከከተማው አስተዳደር አስፈቀዱ፤ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣን አረሙን ነቀልን፣ የጠርሙስ ስባሪውን ለቀምን፣ ቆፈርን። ጎመን፣ ባሚያ፣ ስኳር ድንችና ቲማቲም ተከልን። በመላው አላባማ እንደኛ ያለ ጎመን የነበረው ሰው ያለ አይመስለኝም። መውጣት ላቃታቸው ሽማግሌዎች ሚስ ዊላ ራሳቸው ደጃፋቸው ድረስ ይወስዱላቸዋል። ጎረቤታቸው ዲያቆን ቶሊቨር ግን ሳያላግጡ ተቀብለው አያውቁም።

«እህት ዊላ፣ ይሄ ጎመን ነው ወይስ የጫማ ሶል?»

«ጥርስ ለሌለው ሰው ሁሉም ነገር ሶል ነው። ይመልሱልኝ እንግዲህ!»

«ኧረ ተይ! ቀልድም አይቻልም?»

የሚስ ዊላ ልጅ ሬኒታ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ትንሿን ልጇን ዘሪያን ይዛ የምትኖረው እናቷ ቤት ነበር። ዘሪያ አራት ዓመቷ ነው። ከአያቷ ጋር አትክልት ቦታው ውስጥ ስትቆፍር፣ ጭቃ ስታቦካ፣ ቲማቲም ከተክሉ ላይ እየቀጠፈች በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ስትበላ ትውላለች። አፏ ግን አልፈታም። የምታውቃቸውን ቃላት እንኳ መርሳት ጀመረች። ሆዴን ትላለች፣ በሆነው ባልሆነው ትነጫነጫለች። ክሊኒክ ሲወስዷት ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ያ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ከባዱ ብረት። ለሕፃን አንጎል መርዝ ነው አሏቸው።

የድሮ ቀለም እርሳስ ስላለበት፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው የቤቱ አሮጌ ቀለም ነበር። ሚስ ዊላ ግድግዳውን ሁሉ አስፍቀው አዲስ አስቀቡ። በሚቀጥለው ምርመራ መጠኑ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ያኔ ነው ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጥታ ከየግቢያችን አፈር የወሰደችው። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ተሰብስበን ጠበቅናት።

ከሁሉም የከፋው አትክልት ቦታው ነበር።

በእኛ በጥቁሮቹ ሰፈር ጫፍ ላይ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር፤ ከተዘጋ ቆይቷል። በሥራ ላይ ሳለ አመዱንና ዝቃጩን በነጻ ያድል ነበር። ግቢው ጎድጓዳ የሆነበት ሁሉ አመስግኖ ተቀብሎ ይሞላበት ነበር። እኛ የተከልነው በዚያ ላይ ነበር።

«ኮረብታው ላይ ላሉት ነጮችም ያድሉ ነበር?» ብለው ጠየቁ ዲያቆን ቶሊቨር።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አለች ተመራማሪዋ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ዲያቆኑ።

ሬኒታ ከኋላ ወንበር ተነሣች። «እማዬ፣ መርዙን በገዛ እጅሽ ነው ያበላሻት» አለች። ሚስ ዊላ ቀና ብለው አላዩአትም። ሬኒታ በዚያው ዕለት ልጇን ይዛ ከተማው ማዶ ወደምትኖር የአክስቷ ልጅ ሄደች።

በማግስቱ ሚስ ዊላ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው አትክልት ቦታው ገቡ። ለመለቀም የደረሰውን ጎመን ከነሥሩ እየነቀሉ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ይከቱት ጀመር። ልናግዛቸው ስንጠጋ፣ «ልጅ ያላችሁ እንዳትነኩ!» ብለው ጮኹብን። ዲያቆን ቶሊቨር በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ።

«አንድ እቅፍ ለኔ ተዪልኝ። ስንት ዘመን ያንን የፋብሪካ ጭስ ስውጥ ኖሬ፣ ጎመን ነው የሚገድለኝ?»

«ዲያቆን፣ እባክዎን።»

«እራቴ ነው፣ ዊላ። ሌላ ምን አለኝ?»

«አልሰጥዎትም!» አሉ። እዚያው የተነቀለው ጎመን መሐል ቁጭ አሉ። ዲያቆኑ ግን ጥለዋቸው አልሄዱም።

የከተማው አስተዳደር መጥቶ ቦታውን አጠረና አፈሩን አትንኩ የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። ጽዳቱ ከሰፈሩ ሌላ ጫፍ ተጀመረ፤ የእኛ መንገድ ጋ ሳይደርስ በጀቱ አለቀ ተባለ። ሚስ ዊላ ያንን አልጠበቁም። የቤተ ክርስቲያናችንን ሴቶች ይዘው በር እያንኳኩ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አስመረመሩ። ብዙዎቹ እንደ ዘሪያ ሆነው ተገኙ። የሚችል ለቆ ሄደ። የማይችል፣ ቤቱን የሚገዛው ጠፍቶ፣ ቀረ።

የቀረነው የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች ሠራን። አፈሩ ከዲያቆን ቶሊቨር ወንድም ልጅ እርሻ፣ ከገጠር፣ በጭነት መኪና መጣ። ሚስ ዊላ ሳይመረመር አንዲት ፍሬ አትዘሩም አሉ። ሁሉን ያዛሉ፣ ይቆጣጠራሉ፤ እጃቸውን ግን አፈሩ ውስጥ ከተው አላየሁም። ዲያቆኑ የመጀመሪያው ጎመን ሳይደርስ በኩላሊት ሞቱ። ከምን እንደመጣባቸው የነገረን የለም።

በጸደይ ሚስ ዊላን በመኪናዬ ሬኒታ ጋ ወሰድኳቸው። አንድ እቅፍ ጎመን ይዘዋል። ሬኒታ በሩን ከፍታ ጎመኑን አየች።

«ከየት አፈር ነው?»

«ከገጠር። ተመርምሯል።»

ተቀበለቻቸው። ደጋግማ አጥባ፣ በጭስ ከተዘጋጀ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ጋር ቀቀለችው። ዘሪያ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ለብቻዋ የምታስጠናት መምህር አለች። ደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ ቀንሷል፤ የተጎዳው ግን እንደነበረ ላይመለስ ይችላል ብለዋቸዋል። ጠረጴዛው ዙሪያ ስንቀመጥ ሬኒታ ለኛ ጎመን፣ ለልጇ ማካሮኒ አቀረበች።

ዘሪያ እጇን ወደ አያቷ ሳህን ዘረጋች። ሬኒታ ሹካዋን እንደያዘች ደረቀች።

ሳህኑን ያራቁት ሚስ ዊላ ናቸው። «ይሄ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ» አሏት። ከዚያ አጎንብሰው በሉ።