የገብረጻድቅ ምርቃት

ስሜ ልዕልት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ጠባዬን ቀድማ አይታው ቢሆን ሌላ ትመርጥ ነበር። ቃሊቲ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ብዙም በማይርቅ የሕክምና ኮሌጅ የሥነ ተዋልዶ ጤናና የቤተሰብ ምጣኔ አስተምራለሁ። ሕንፃችን መጋዘን መሀል ስለሆነ መስኮት ከከፈትኩ አቧራ ነው፣ ከዘጋሁ ሙቀት። በዚያ ላይ የከባድ መኪናው ክላክስ አለ። እንዴት እንደሚያውቁብኝ እንጃ፣ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» ልል አፌን ስከፍት አንዱ ሹፌር ክላክሱን ይለቀዋል። ተማሪዎቼ የትምህርቱን ግማሽ የተማሩት ከከንፈሬ እንቅስቃሴ ነው።

ዘንድሮ ያስቸገረኝ ግን ክላክሱ አይደለም፤ ገብረጻድቅ ነው።

ገብረጻድቅ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የመርፌውን፣ የእንክብሉን፣ በክንድ የሚቀበረውን፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የሉፑን ጥቅምና ጉዳት እንደ ቅዳሴ ዜማ ሳይደናቀፍ ያወርደዋል። ሌሎቹ ወንዶች ኮንዶም የሚለውን ቃል ለኮርኒሱ ሲናገሩ እሱ ሰው ዐይን እያየ ይናገራል። ችግሩ የሚጀምረው ምክሩ አልቆ ሴትዮዋ ልትሄድ ብድግ ስትል ነው። ይመርቃታል።

አስተዳደጉ ነው። ያሳደጉት አያቱ አቃቂ ውስጥ የታወቁ ቄስ ናቸው፤ እሳቸው ቤት ገብቶ ውሃ የጠጣ ሰው እንኳ ሳይመረቅ አይወጣም። እሳቸው ሲደክሙ ሥራው ወደ እሱ ዞረ። አሁን ሰው ከወንበር ሲነሳ ካየ አፉ በራሱ ይከፈታል። ጓደኞቹ «ሳይመረቅ የሚመርቅ» ይሉታል።

መጀመሪያ ያየሁት ጤና ጣቢያ ልምምድ ላይ ነው። ከኮዬ ፈጬ የመጣች የአምስት ልጆች እናት ተቀብሎ አሳምሮ መከራት፤ በክንድ የሚቀበረውን መረጠች። ከኋላ ቆሜ ኩራት ኩራት ብሎኛል። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሳ ገብረጻድቅ እጁን ዘረጋና፣ «እግዚአብሔር ማኅፀንሽን ይባርከው፤ ቤትሽን በልጅ ይሙላው» አላት።

ሴትዮዋ ተመልሳ ቁጭ አለች። «ቤቴ ሞልቶብኝ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

የተግባር ፈተናው ላይም ያው ሆነ። በዚህ ፈተና አንድ ጤነኛ ሰው ታካሚ መስሎ ይቀርባል፣ ተማሪው ይመክራል፣ ፈታኙ ጥግ ተቀምጦ ነጥብ ይይዛል። ፈታኛችን ከሌላ ኮሌጅ የሚመጡት ዶክተር ሰይፈሥላሴ ናቸው፤ ሲስቁ ያየ ሰው አላውቅም። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ተማሪው በመጨረሻ ምክሩን የሚያፈርስ ነገር ከተናገረ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ አይቆጠርለትም። ገብረጻድቅ ወደቀ። ድጋሚ ሲፈተን ከንፈሩን ነክሶ እስከ መጨረሻው ታገሰ፤ ታካሚ የሆነችው ልጅ ልትወጣ በሩን ስትከፍት «መንታ ይስጥሽ» አለና እንደገና ወደቀ። የቀረው አንድ ዕድል ነው። እሱን ከጣለ ዓመቱን ይደግማል፤ አያቱ ደግሞ አልጋ ላይ ሆነው የልጁን ሐኪም መሆን ይጠብቃሉ፤ ተጨማሪ ዓመት የሚጠብቁ አይመስሉም።

ስለዚህ ማሠልጠን ጀመርኩ። ናዕማ የምትባለው የክፍሉ ነገረኛ፣ አባቷ ቃሊቲ ሱቅ ያላቸው፣ ታካሚ ሆና ትቀመጣለች። ስትነሳ አፉ ከተከፈተ እስክሪብቶ ትወረውርበታለች።

«እኛም ቤት ይመረቃል እኮ» አለችው አንድ ቀን። «እኔ ግን ጥርሴን እነክሳለሁ። አንተ ጥርስ የለህም?»

«ሰው ዝም ተብሎ እንዴት ይሸኛል፣ ናዕማ?»

«በሰላም ሂጂ በላት፤ አለቀ» አልኩት እኔ።

«እሱንማ የታክሲ ረዳትም ይለዋል፣ ዶክተር።»

ነገሩ እኔን ለምን እንዲህ እንደሚያንጨረጭረኝ ልንገራችሁ። ከአርባ አልፌያለሁ። ባል አለኝ፣ ልጅ የለኝም፣ አልፈለግንም። ሁለታችንም፣ ተማክረን፣ በሙሉ ጤንነት። ይህን ለዘመድ ማስረዳት አይቻልም። በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ አንዳንዴም በለቅሶ ቤት አንዷ አክስቴ አገጬን ይዛ «ለከርሞ አቅፈሽ ያሳየን» ትለኛለች፤ ቤቱ ሁሉ «አሜን» ይላል፤ እኔም እላለሁ። የማልፈልገውን ነገር ፈጣሪን ስለምን ኖርኩ ማለት ነው። ያናድደኛል። ገብረጻድቅ እጁን በዘረጋ ቁጥር የምትቆጣው አስተማሪዋ ብቻ አልነበረችም።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ታካሚ ሆና የምትቀርበው ናፍቆት የምትባል የገላን ኮንዶሚኒየም ልጅ ነበረች፤ እንድታጠናው የተሰጣት ጽሑፍ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ያደርጋታል፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ማራራቅ የምትፈልግ፣ ባሏ የሚቃወም። በሩ ሲከፈት የገቡት ግን ወይዘሮ ዳሲቱ ናቸው፤ የናፍቆት እናት፣ የኮንዶሚኒየሙ ዕድር ሰብሳቢ፣ ስልሳን የተሻገሩ።

«ናፍቆት ትኩሳት ይዟት ተኝታለች» አሉ። «ቃል ተገብቶማ አይቀርም። ሁሉንም አስጠንታኛለች።»

«እማማ፣ ታካሚዋ እኮ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።»

«ነኛ» አሉና ተቀመጡ።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ ሰዓታቸውን አዩ። «ይቀጥል» አሉ።

ገብረጻድቅ ገባ፣ እጅ ነሳ፣ ተቀመጠ። ዕድሜያቸውን ጠየቀ። «ሃያ ሦስት» ሲሉት ፊቱ ምንም ሳይለወጥ ጻፈ። ልጆችስ? ሁለት። ባለቤትዎስ ምን ይላሉ?

ወይዘሮ ዳሲቱ እዚህ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። «ነፍሱን ይማረውና የኔ ባል እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ስሙን አላጠፋም።»

«የጽሑፉ ባል ነው፣ እማማ» አልኩ።

«እንግዲያው ይቃወማል» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳየው ደስ አለኝ። ልጁ አልቸኮለም። ምን እንደሰሙ ጠየቃቸው። ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ አሉት፤ አልሳቀባቸውም፤ ማኅፀንን በወረቀት ሥሎ የት እንደሚቀመጥና ለምን ወደ ላይ መውጣት እንደማይችል አሳያቸው። መሀል ላይ ክላክሱ ጮኸ፤ እስኪያልፍ ጠብቆ ያቋረጠውን ደገመላቸው። የባላቸውን ነገር ሲያነሱ አብረው እንዲመጡ ጋበዘ። መርፌውን መረጡ፤ የሚመለሱበትን ነገራቸው። ዶክተር ሰይፈሥላሴ ነጥብ በነጥብ ምልክት ያደርጋሉ።

ወይዘሮ ዳሲቱ ብድግ አሉ። ገብረጻድቅም ተነሳ። አፉ ተከፈተ። ከበሩ መስታወት በስተጀርባ ናዕማ እስክሪብቶዋን ከፍ አድርጋ ትታየኛለች። እኔም አፈጠጥኩበት። አፉን ዘጋው፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«በሰላም ይሂዱ» አለ።

ተገላገልን ብዬ ተነፈስኩ። ወይዘሮ ዳሲቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል።

«ጨርሰናል፣ እማማ» አልኩ። «መሄድ ይችላሉ።»

«እንዴት ሆኜ ነው የምሄደው?» አሉ። «ይሄ የቄሱ ልጅ አይደለም እንዴ? ናፍቆትን ያጠመቋት አያቱ ናቸው። እሳቸው ሳይመርቁ ሸኝተውኝ አያውቁም። ልጁን ምን አስቀይሜው ነው ባዶዬን የሚሸኘኝ?»

ድምፃቸው ተሰበረ። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ገብረጻድቅ አየኝ። ካልመረቀ ሴትዮዋ ከፍቷቸው ይሄዳሉ፤ ከመረቀ ዓመቱ ሄደ፣ አያቱም ሳያዩት ሊያልፉ ነው። አንጀቴን በላው። አፍ አውጥቼ እንዳልናገር ደግሞ አስተማሪ በፈተና መሀል መናገር አይፈቀድላትም፤ እስካሁን የተናገርኩትም በዝቷል።

እጁን ዘረጋ። በቃ፣ ወደቀ አልኩ በሆዴ።

«እግዚአብሔር» አለና ቆመ። «እግዚአብሔር በፈለጉት ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በጤና ይስጥዎት።»

«አሜን!» አሉ ወይዘሮ ዳሲቱ።

«አሜን» አሉ ዶክተር ሰይፈሥላሴ። ከወንበራቸው ተነስተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነው ያሉት። እሳቸውም አሜን በሚባልበት ቤት ነው ያደጉት፤ ምርቃት ሲሰማ ተቀምጦ መቅረት አልሆነላቸውም። ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶክተር ልዕልት፣ ይህ ምክሩን ያፈርሳል?»

«በፈለጉት ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በጤና» አልኩ። «ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እሱኑ ነው። ምጣኔ ማለት ሌላ ምን ሆነና?»

«ደግሞም አሜን ብዬበታለሁ» አሉ፤ የመጨረሻዋን ምልክት አደረጉ። «አልፏል።»

ገብረጻድቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ናዕማ ከበሩ ውጭ እልልታዋን ለቀቀችው።

ወይዘሮ ዳሲቱ ደስ ብሏቸው ሲወጡ እኔ ዘንድ ቆም አሉ። «አንቺስ ልጄ፣ ስንት አሉሽ?»

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሁልጊዜ ስልክ የተደወለልኝ አስመስላለሁ። የዚያን ቀን ግን «የለኝም» አልኩ። እጃቸው ወደ አገጬ ሲነሳ አየሁት። ገብረጻድቅ ቀደማቸው።

«ለዶክተርም እንደዚሁ» አለ። «የፈለጉትን ያህል።»

«አሜን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሳልዋሽ አሜን ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬ መጣ፣ በአቧራው አሳበብኩ።

ወይዘሮ ዳሲቱ እጄን ይዘው እስከ ደረጃው ድረስ አልለቀቁኝም። «ግን ስንት ብዬ ልለምንልሽ?» አሉኝ።

«ቤቴ ሙሉ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።